የዱር እንስሳት ምልከታ በዴናሊ ብሔራዊ ፓርክ

ዴናሊ ብሔራዊ ፓርክ በአሜሪካ አላስካ ክፍላገር መካከለኛ ክፍል የሚገኝ ሰፊ ጥብቅ ቦታ ሲሆን፣ ትላልቅ አጥቢ እንስሳትን በተፈጥሮ መኖሪያቸው ለማየት በዓለም ከታወቁት የሰሜን ምድረ በዳዎች አንዱ ነው። ጎብኚዎች በዋናነት የሚመጡት አምስት እንስሳትን ለማየት ነው፤ እነርሱም ግሪዝሊ ድብ፣ ሙስ፣ ካሪቡ፣ የዳል በግና ተኩላ ናቸው። እንስሳቱ በአጥር አልተከለሉም፤ ምግብ የሚያቀርብላቸውም የለም። ጎብኚው የሚያያቸው በራሳቸው ጉዳይ ላይ እንዳሉ ነው። ይህ ሊሆን የቻለው መኪና በአብዛኛው በተከለከለበት አንድ መንገድ፣ በርቀት ደንቦችና ለአንድ መቶ ዓመት ያህል በቆየ ጥበቃ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ወራት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጠቅሰዋል። ዓመተ ምሕረት «ዓ.ም.» ካልተባለ በስተቀር እ.ኤ.አ. ነው።

አቀማመጥና አየር ጠባይ

የፓርኩ መግቢያ ከአንኮሬጅ ከተማ በስተ ሰሜን 380 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከፌርባንክስ ከተማ ደግሞ በስተ ደቡብ 190 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በመኪናም ሆነ በአላስካ የባቡር መስመር ይደረሳል። ጠቅላላ ስፋቱ ከ24,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በመካከሉ የአላስካ ተራሮች ሰንሰለት ያልፋል፤ በሰንሰለቱ ላይ ያለው 6,190 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ ከሰሜን አሜሪካ ተራሮች ሁሉ ከፍተኛው ነው። «ዴናሊ» በአካባቢው ነባር ሕዝብ በኮዩኮን ቋንቋ «ከፍተኛው» ማለት ነው። የተራራው የመንግሥት ስም በ2015 ከ«ማኪንሊ» ወደ «ዴናሊ»፣ በ2025 መጀመሪያ ደግሞ ተመልሶ ወደ «ማኪንሊ» ተቀይሯል። የፓርኩ ስም ግን ዴናሊ እንደሆነ ቀርቷል።

ፓርኩ ከምድር ወገብ በጣም የራቀ ስለሆነ የቀንና የሌሊት ርዝመት ከወር ወር እጅግ ይለያያል። በሰኔ አጋማሽ ፀሐይ በቀን ከ20 ሰዓት በላይ ትታያለች፤ ሌሊቱም ፈጽሞ አይጨልምም። በታኅሣሥ ደግሞ ቀኑ ጥቂት ሰዓት ብቻ ነው። በረዶው ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ እስከ ሚያዝያ ድረስ ይቆያል። በብዙ ቦታ አፈሩ ከላይ ጥቂት ብቻ ይቀልጣል እንጂ ከሥሩ ዓመቱን ሙሉ በረዶ ሆኖ ይኖራል።

በዝቅተኛው ቦታ ጥድ መሰል ዛፎች የበዙበት ደን አለ። ከ800 ሜትር ገደማ ከፍታ በላይ ዛፍ እየጠፋ ሄዶ ታንድራ የሚባለው ምድር ይጀምራል። ታንድራ አጫጭር ቁጥቋጦ፣ ሣርና ሊከን (የድንጋይ ሽበት) የሸፈነው ገላጣ መሬት ነው። ለእንስሳት ምልከታ ዋናው ነገር ይህ ገላጣነት ነው። በደን ውስጥ 30 ሜትር ርቆ የቆመ ሙስ ላይታይ ይችላል፤ በታንድራ ላይ ግን ድብ ከ2 ኪሎ ሜትር ርቀት በባይኖኩላር ይለያል።

የፓርኩ አመሠራረት

ፓርኩ የተቋቋመው ለተራራው ሳይሆን ለበጎች ተብሎ ነው። አሜሪካዊው አዳኝና የተፈጥሮ ተመራማሪ ቻርልስ ሼልደን በ1906 የዳል በግን ለማጥናት ወደ አካባቢው መጣ። በ1907 ተመልሶ በቶክላት ወንዝ አጠገብ ጎጆ ሠርቶ እስከ 1908 ድረስ ብርዱን እዚያው አሳለፈ። መንገድ መሪው ሃሪ ካርስተንስ ይባል ነበር። በዚያን ጊዜ በአካባቢው ወርቅ ተገኝቶ ስለነበር፣ ለማዕድን ቆፋሪዎች ሥጋ የሚሸጡ አዳኞች በጎችን በብዛት ይገድሉ ነበር። የባቡር ሐዲድ ሲገባ አደኑ ይበልጥ እንደሚስፋፋ ሼልደን ተረዳ። ወደ አገሩ ምሥራቅ ከተመለሰ በኋላ ቦታው ብሔራዊ ፓርክ እንዲሆን ለዓመታት ተሟገተ።

ፕሬዚዳንት ውድሮ ዊልሰን ሕጉን በየካቲት 19 ቀን 1909 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ፌብሯሪ 26 ቀን 1917) ፈረሙ። ፓርኩ በመጀመሪያ «ማውንት ማኪንሊ ብሔራዊ ፓርክ» ይባል ነበር። ሃሪ ካርስተንስ በ1921 የመጀመሪያው የፓርኩ ኃላፊ ሆነ። በ1980 በወጣው የአላስካ መሬቶች ጥበቃ ሕግ የፓርኩ ስፋት ከሦስት እጥፍ ያህል አድጎ ስሙ «ዴናሊ ብሔራዊ ፓርክና ጥብቅ ቦታ» ሆነ። በዚሁ ሕግ አብዛኛው የቀድሞው ፓርክ «ምድረ በዳ» ተብሎ ተከለለ። በዚህም ምክንያት ጠባቂዎች በበረዶ ወራት ቅኝት የሚያደርጉት በውሾች በሚጎተት ተንሸራታች ነው።

የሚታዩት እንስሳት

በፓርኩ ወደ 39 የሚሆኑ የአጥቢ ዝርያዎች ይኖራሉ። ከታች የተገለጹት ጎብኚዎች በብዛት የሚጠይቁባቸው አምስቱ ናቸው።

ግሪዝሊ ድብ። ድብ በኢትዮጵያ የሌለ እንስሳ ነው። ግሪዝሊ የቡናማ ድብ ወገን ሲሆን፣ በትከሻው ላይ ባለው ጉብታና በረጃጅም ጥፍሮቹ ይለያል። ቀለሙ ከገለባ ነጭ እስከ ጥቁር ቡናማ ይደርሳል። በታንድራ ያሉት ድቦች ከአላስካ ባሕር ዳርቻ ድቦች በጣም ያነሱ ናቸው፤ ምክንያቱም በአካባቢያቸው ሳልመን ዓሣ እንደልብ አያገኙም። አብዛኛው ምግባቸው እፅዋት ነው። በሚያዝያና በግንቦት ሥር ይቆፍራሉ፤ በሰኔ ሣርና ለጋ ቅጠል ይበላሉ፤ ከሐምሌ መጨረሻ እስከ ጳጉሜ ደግሞ የዱር ፍሬ ቀኑን ሙሉ ይለቅማሉ። በተጨማሪ የመሬት ሽኮኮ ይቆፍራሉ፣ የተወለዱ የሙስና የካሪቡ ግልገሎችን ያድናሉ፣ የሞተ እንስሳም ይበላሉ። በጥቅምት ገደማ ጉድጓድ ገብተው እስከ ሚያዝያ ድረስ ይተኛሉ። ግልገሎች የሚወለዱት እናቲቱ በጉድጓድ ውስጥ ሳለች ነው፤ ከእርሷም ጋር ሁለትና ሦስት ዓመት ይቆያሉ። በደኑ በኩል ጥቁር ድብም አለ፤ ነገር ግን ከመንገዱ ብዙ አይታይም።

ሙስ። ሙስ ከአጋዘን ወገን ሁሉ ትልቁ ነው። የአላስካ ወንድ ሙስ ከ500 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል። ቀንዱ እንደ መዳፍ ሰፊ ሲሆን በየዓመቱ ወድቆ እንደገና ይበቅላል። እድገቱ ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ነው፤ በዚያን ጊዜ ቀንዱ ፀጉር ባለው ስስ ቆዳ ይሸፈናል፤ በጳጉሜ ገደማ ቆዳው ተልጦ ይወድቃል። ሙስ በዋናነት የአኻያ ቅርንጫፍና ቅጠል ይበላል፤ ኩሬ ውስጥ ገብቶም የውኃ ተክል ይግጣል። ሴቷ በግንቦት ትወልዳለች፤ መንታ መውለድም የተለመደ ነው። በመስከረም ወንዶቹ ለእርባታ ይዋጋሉ። እነዚህ ሁለት ወቅቶች ሙስ ለሰው በጣም አደገኛ የሚሆንባቸው ናቸው።

ካሪቡ። ካሪቡ በአውሮፓና በእስያ ሬንዲር ተብሎ ከሚታወቀው የቤት እንስሳ ጋር አንድ ዝርያ ነው። ከአጋዘን ወገን ሴቶቹም ቀንድ የሚያበቅሉት ካሪቡ ብቻ ነው። ሰፊ ሰኮናው በበረዶ ላይ እንዳይሰምጥ ይረዳዋል፤ በብርድ ወራትም በረዶውን በሰኮናው ጠርጎ ሊከን ይበላል። በሰኔና በሐምሌ ከትንኝና ከዝንብ ለመሸሽ ነፋስ ወደሚበዛበት ሸንተረር ወይም ቀልጦ ወዳላለቀ በረዶ ይወጣል። ስለዚህ በሞቃት ቀን ካሪቡን ለማየት ሜዳውን ሳይሆን በተራራው ጎን የቀሩትን ነጭ የበረዶ ቁራጮች መቃኘት ይጠቅማል። የዴናሊ የካሪቡ መንጋ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአሥር ሺዎች ይቆጠር ነበር፤ በአሁኑ ጊዜ ሁለት ሺህ ገደማ ነው።

የዳል በግ። ሙሉ በሙሉ ነጭ የሆነ የዱር በግ ነው። ከአዳኝ ለማምለጥ ገደላማ ቦታ አጠገብ ይግጣል። የወንዱ ቀንድ እየተጠማዘዘ ያድጋል፤ ሙሉ ክብ ለመሥራት ስምንት ዓመት ያህል ይፈጅበታል። ቀንዱ አይወድቅም፤ በየብርድ ወራቱ እድገቱ ስለሚቆም ቀለበት ይተዋል። ዕድሜውም በቀለበቶቹ ብዛት ይቆጠራል። ከሩቅ ሲታይ በጉ ተራራ ላይ የቀረች የበረዶ ነጥብ ይመስላል። በግ መሆኑ የሚታወቀው ነጥቧ ስትንቀሳቀስ ነው።

ተኩላ። በኢትዮጵያ «ተኩላ» የሚለው ስም ለአፍሪካ የዱር ውሻ ይሰጣል። እዚህ የሚነገረው ግን ስለ ግራጫ ተኩላ ነው፤ ይህም የቤት ውሻ የወረደበት ዝርያ ነው። ተኩላዎች በቤተሰብ ተደራጅተው ሰፊ ግዛት ይዘው ይኖራሉ። ተመራማሪዎች ከ1986 ጀምሮ በአንገታቸው ላይ የሬዲዮ ማሠሪያ እያደረጉ ይከታተሏቸዋል። ቁጥራቸው በቅርብ ዓመታት ከመቶ በታች ስለሆነና ግዛታቸው ሰፊ ስለሆነ፣ ከአምስቱ እንስሳት ለማየት አስቸጋሪው ተኩላ ነው።

የሙሪ ጥናት

በፓርኩ የእንስሳት ምልከታ ታሪክ ትልቅ ስፍራ ያለው አዶልፍ ሙሪ ነው። በ1930ዎቹ የዳል በጎች ቁጥር ስለቀነሰ ብዙዎች ጥፋቱን በተኩላዎች ላይ በማድረግ እንዲገደሉ ይጠይቁ ነበር። የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ነገሩን እንዲያጣራ ሙሪን ላከው። ሙሪ ከ1939 እስከ 1941 ባለው ጊዜ በእግሩ እየተጓዘ ተኩላዎችን ከጉድጓዳቸው አጠገብ በዓይን ተከታተለ፤ ሰገራቸውን መርምሮ የበሉትን ለየ፤ እንዲሁም የ829 የሞቱ በጎችን የራስ ቅል ሰበሰበ።

የራስ ቅሎቹ ቀንድ ላይ ያሉትን ቀለበቶች በመቁጠር እያንዳንዱ በግ በስንት ዓመቱ እንደሞተ አወቀ። ውጤቱም ተኩላዎቹ በብዛት የሚገድሉት ግልገሎችን፣ ያረጁና የታመሙ በጎችን መሆኑን አሳየ። በጉልምስና ዕድሜ ያሉ ጤነኛ በጎች እምብዛም አይበሉም ነበር። ጥናቱ በ1944 «የማውንት ማኪንሊ ተኩላዎች» በሚል ርእስ ታተመ። በሙሪ የተሰበሰበው መረጃ ኋላ ላይ የሥነ ሕይወት ተማሪዎች ስለ እንስሳት ዕድሜና የሞት መጠን የሚማሩበት የታወቀ ምሳሌ ሆነ።

የፓርኩ መንገድና አውቶቡሶቹ

በፓርኩ ውስጥ አንድ መንገድ ብቻ አለ። ከ1923 እስከ 1938 የተሠራ ሲሆን ርዝመቱ 148 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከመግቢያው ተነሥቶ እስከ ካንቲሽና የቀድሞ የማዕድን መንደር ይዘልቃል። አስፋልት ያለው እስከ ሳቬጅ ወንዝ ድረስ 24 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ጠባብ የጠጠር መንገድ ነው። በ1960ዎቹ መንገዱን በሙሉ የማስፋትና አስፋልት የማድረግ ዕቅድ ነበር። አዶልፍ ሙሪን ጨምሮ ብዙዎች ተቃወሙት፤ ፈጣን መንገድ ፈጣን መኪና እንደሚያመጣና እንስሳቱን ከመንገድ ዳር እንደሚያርቅ ተከራከሩ። ሥራውም በመጀመሪያው ክፍል ላይ ቆመ።

በ1971 ከአንኮሬጅ ወደ ፌርባንክስ የሚወስደው አዲስ አውራ ጎዳና በፓርኩ አጠገብ ሲከፈት የጎብኚዎች ቁጥር በአንድ ዓመት ወደ እጥፍ ገደማ አደገ። በ1972 የፓርኩ አስተዳደር ከሳቬጅ ወንዝ በኋላ የግል መኪናን ከልክሎ ጎብኚዎችን በአውቶቡስ ማጓጓዝ ጀመረ። ይህ አሠራር እስካሁን ቀጥሏል። በቀን ስንት ተሽከርካሪ እንደሚያልፍም ተወስኗል።

የአውቶቡሱ ምልከታ የራሱ ልማድ አለው። ተሳፋሪዎች ሁሉ በመስኮት ይቃኛሉ። እንስሳ ያየ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ «ቁም!» ሲል ሹፌሩ ያቆማል። አቅጣጫ የሚነገረው በሰዓት ቆጣሪ ነው፤ የአውቶቡሱ ፊት 12 ሰዓት፣ ቀኝ ጎኑ 3 ሰዓት፣ ግራ ጎኑ 9 ሰዓት ተደርጎ ይወሰዳል። ከቆመ በኋላ ሁሉም ዝግ ባለ ድምፅ ይናገራል፤ እጅና ካሜራ ከመስኮት ውጭ አይወጣም። እንስሳው መንገዱን ሊያቋርጥ ከፈለገ አውቶቡሱ ይጠብቃል። ድብ በመንገዱ ላይ ከሄደ ተሽከርካሪው ከኋላው ቀስ ብሎ ይከተላል ወይም ቆሞ ይጠብቃል እንጂ አይገፋውም።

የዚህ ሥርዓት ጥቅም ለእንስሳቱ የተሽከርካሪው ጠባይ የተለመደ መሆኑ ነው። አውቶቡስ በየቀኑ በዚያው መስመር ያልፋል፤ አያሳድድም፣ አይመግብም፣ ሰው አያወርድበትም። ስለዚህ ብዙ ድቦችና ካሪቡዎች ለአውቶቡስ ግድ ሳይሰጡ መብላታቸውን ይቀጥላሉ። አንድ ሰው በእግሩ ቢቀርብ ግን ያው እንስሳ ይሸሻል ወይም ይቆጣል።

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2021) በመንገዱ 72ኛ ኪሎ ሜትር ገደማ ፕሪቲ ሮክስ በሚባለው ገደላማ ቦታ መሬቱ በፍጥነት መንሸራተት ስለጀመረ መንገዱ በ69ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ተዘጋ። በገደሉ ውስጥ ያለው የቆየ በረዶ ከሙቀት መጨመር የተነሣ መቅለጡ መንሸራተቱን አባብሶታል። በቦታው ላይ የድልድይ ሥራ በ2023 ተጀምሯል። መንገዱ ሲዘጋ በ106ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ወዳለው የኢየልሰን ጎብኚ ማዕከልና በ137ኛው ኪሎ ሜትር ወዳለው ዎንደር ሐይቅ የአውቶቡስ ጉዞ ተቋረጠ።

ወቅትና ቦታ

አውቶቡሶች የሚሠሩት ከግንቦት አጋማሽ እስከ መስከረም መጀመሪያ ነው። እያንዳንዱ ወር የራሱ ጥቅም አለው።

በግንቦት መጨረሻና በሰኔ መጀመሪያ የሙስና የካሪቡ ግልገሎች ይታያሉ። ድቦችና ተኩላዎች እነዚህን ግልገሎች ስለሚያድኑ የአደን ትዕይንት ሊታይ የሚችለው በዚህ ጊዜ ነው። በሰኔና በሐምሌ ትንኝ ይበዛል፤ እንስሳት ወደ ከፍታ ይወጣሉ። በነሐሴ ድቦች በፍሬ ቁጥቋጦ ላይ ስለሚውሉ ለረጅም ሰዓት በአንድ ቦታ ይገኛሉ። በጳጉሜና በመስከረም መጀመሪያ ታንድራው ቀይና ቢጫ ይሆናል፤ የሙስ ወንዶች ቀንዳቸው ተልጦ ወደ ገላጣ ቦታ ይወጣሉ። ይህ ወቅት አጭር ነው፤ በረዶ ሊጥልም ይችላል።

ከቦታዎች መካከል በመጀመሪያዎቹ 24 ኪሎ ሜትሮች ያለው ደንና ቁጥቋጦ ለሙስ የታወቀ ነው። በኢግሉ ተራራ አካባቢ ያሉት ገደሎች የዳል በግ መኖሪያ ናቸው። ሴብል ፓስ በተባለው ከፍተኛ ማለፊያ ድብ ስለሚበዛ ከመንገዱ ወጥቶ በእግር መሄድ ክልክል ነው። የወንዝ ዳር የጠጠር ሜዳዎች ደግሞ ካሪቡ፣ ድብና አልፎ አልፎ ተኩላ የሚያልፉባቸው መንገዶች ናቸው።

በአንድ ጉዞ አምስቱንም እንስሳት ማየት ይቻላል፤ ግን ብዙ ጊዜ አይሆንም። ዝናብና ጉም ባለበት ቀን ምንም ሳይታይ የሚመለስ አውቶቡስም አለ።

የርቀት ደንቦች

በፓርኩ በእግር መሄድ ይፈቀዳል። በአብዛኛው ክፍል የተሠራ የእግር መንገድ የለም። ድንኳን ይዞ ለማደር ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ምድሩ በ87 ክፍሎች ተከፍሎ በብዙዎቹ ውስጥ በአንድ ሌሊት የሚያድሩት ሰዎች ቁጥር የተወሰነ ነው። በእግር የሚሄድ ሰው የሚከተሉትን መጠበቅ አለበት፦

- ከድብ ቢያንስ 275 ሜትር መራቅ፤
- ከሙስ፣ ከካሪቡና ከዳል በግ ቢያንስ 23 ሜትር መራቅ፤
- ማንኛውንም እንስሳ አለመመገብና አለመከተል፤
- ምግብና ሽታ ያለውን ነገር ሁሉ ድብ በማይከፍተው ጠንካራ ዕቃ ማስቀመጥ፤
- ምግብ የሚበስልበትንና የሚቀመጥበትን ቦታ ከድንኳኑ 90 ሜትር ያህል ማራቅ።

ከቁጥሩ በላይ መመዘኛው የእንስሳው ጠባይ ነው። እንስሳው መብላቱን ካቆመ፣ ቀና ብሎ ካየ ወይም አቅጣጫውን ከለወጠ ሰውየው ከሚገባው በላይ ቀርቧል ማለት ነው።

የድብ የምግብ ዕቃ ግዴታ የሆነው በ1980ዎቹ ነው። ከዚያ በፊት ድቦች ከተጓዦች ሻንጣ ምግብ ይወስዱ ነበር። አንድ ጊዜ የሰው ምግብ የቀመሰ ድብ ሰውን መፈለግ ስለሚጀምር፣ ነገሩ ብዙ ጊዜ በድቡ መገደል ያበቃል። ዕቃው ግዴታ ከሆነ በኋላ እንዲህ ያለው ችግር እጅግ ቀነሰ።

ድብ ድንገት ያጋጠመው ሰው መሮጥ የለበትም፤ ድብ ከማንኛውም ሰው ይፈጥናል፣ ሩጫም ማሳደድን ይቀሰቅሳል። ድቡ ሰውየውን ካላየ በጸጥታ መመለስ ይገባል። ካየ ደግሞ እጅን ቀስ ብሎ ከፍ አድርጎ እያንቀሳቀሱ፣ በተረጋጋ ድምፅ እየተናገሩ ወደ ኋላ መራቅ ነው። ግሪዝሊ ድብ ሰውን ከነካ በሆድ ተኝቶ አንገትን በእጅ ሸፍኖ አለመንቀሳቀስ ይመከራል። ሙስ ግን በተቃራኒው ነው፤ ሙስ ሲመጣ መሮጥና ከዛፍ ወይም ከትልቅ ድንጋይ ጀርባ መግባት ያስፈልጋል። ብዙ ተጓዦች በርበሬ ያለበት የድብ መከላከያ መርጫ ይይዛሉ።

በነሐሴ 2004 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2012) አንድ ብቻውን የሚጓዝ ሰው በቶክላት ወንዝ አጠገብ በግሪዝሊ ድብ ተገደለ። ይህ በፓርኩ ታሪክ የመጀመሪያው በድብ የተፈጸመ ሞት ነበር። በካሜራው ውስጥ የተገኙት ፎቶዎች ሰውየው ከመጠቃቱ በፊት ለበርካታ ደቂቃዎች ድቡን ከተፈቀደው ርቀት በጣም ቀርቦ ሲያነሳ እንደነበር አሳይተዋል። ድቡም ተገደለ። ፓርኩ ከተቋቋመ 95 ዓመት ሆኖት ሳለ የደረሰው ይህ አደጋ የርቀት ደንቡ ለምን እንደተሠራ ለማስረዳት ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል።

የተኩላዎች ምልከታና የፓርኩ ወሰን

በቀድሞው የፓርኩ ክፍል ማደን ክልክል ነው። በ1980 በተጨመረው ክፍል ግን ለአካባቢው ነዋሪዎች ለኑሮ የሚሆን አደን፣ በ«ጥብቅ ቦታው» ደግሞ የስፖርት አደንም ይፈቀዳል። ከወሰኑ ውጭ ያለው መሬት በአብዛኛው የአላስካ ክፍላገር ሲሆን በዚያ ተኩላን በጠመንጃና በወጥመድ መግደል ሕጋዊ ነው። ችግሩ የሚነሣው በሰሜን ምሥራቅ በኩል ነው፤ የክፍላገሩ መሬት ወደ ፓርኩ ውስጥ እንደ ምላስ ገብቷል። ከመንገዱ ዳር የሚታዩት ተኩላዎች በብርድ ወራት ካሪቡን ተከትለው ወደዚያ ይወጣሉ።

ክፍላገሩ ከ2000 ጀምሮ በዚህ ወሰን ላይ ተኩላ የማይታደንበት ቀጠና አበጅቶ ነበር። በ2010 የክፍላገሩ የአደን ቦርድ ቀጠናውን ሻረ። በዚያው ዓመት ከናሙና የአውቶቡስ ጉዞዎች ከመቶ ከ40 በላይ በሚሆኑት ተኩላ ታይቶ ነበር፤ በ2013 ቁጥሩ ከመቶ ከ10 በታች ወረደ።

በ2016 የታተመ ጥናት የዴናሊንና የየሎውስቶን ፓርኮችን መረጃ መረመረ። በዴናሊ ከመንገዱ ተኩላ የማየት ዕድል ጥበቃው በነበረባቸው ዓመታት ከፍ ያለ እንደነበርና የተኩላዎቹ ብዛትና ጉድጓዳቸው ለመንገዱ ያለው ቅርበትም ዕድሉን እንደሚወስኑ ገለጸ። ሌላው የተኩላዎች ተመራማሪ ጎርደን ሃበር ከ1960ዎቹ ጀምሮ እስከ ሞተበት 2009 ድረስ ያጠናቸው ሲሆን፣ መራቢያ የሆኑ ጥንዶች ሲገደሉ ቤተሰቡ በሙሉ ሊበተን እንደሚችል ይከራከር ነበር።

ክርክሩ ሁለት ወገን አለው። አዳኞችና የክፍላገሩ ባለ ሥልጣናት ወሰኑ በሕግ የተወሰነ መሆኑን፣ የሚገደሉት ጥቂት መሆናቸውንና የተኩላው ዝርያ በአላስካ ለመጥፋት የተቃረበ አለመሆኑን ይናገራሉ። ቀጠናው እንዲመለስ የሚጠይቁት ደግሞ ከመንገዱ የሚታዩት ሁለት ወይም ሦስት ቤተሰቦች ብቻ ስለሆኑ፣ የጥቂቶች መገደል በአውቶቡስ ለሚመጡት ብዙ ሺህ ሰዎች ተኩላ የማየት ዕድልን እንደሚዘጋ ያስረዳሉ። የዝርያው ብዛትና የመታየት ዕድል የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ያሳየው ይህ ክርክር ነው፤ በአላስካ በሺዎች የሚቆጠሩ ተኩላዎች ቢኖሩም፣ ጎብኚው የሚያያቸው መንገዱን የለመዱትን ጥቂቶቹን ብቻ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለምልከታ ዋናው መሣሪያ ባይኖኩላር ነው፤ እንስሳቱ ብዙ ጊዜ በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር ይርቃሉ። ካሜራ ያለው ሰው ረጅም ሌንስ ያስፈልገዋል፤ አጭር ሌንስ ሰው እንዲቀርብ ስለሚገፋፋ ለአደጋ ያጋልጣል። በሞቃት ወራትም ቢሆን የዝናብ ልብስ፣ ሹራብና ኮፍያ መያዝ ያስፈልጋል፤ በሐምሌ በረዶ የጣለበት ጊዜ አለ። በአውቶቡስ ጉዞው ምግብ ስለማይሸጥ ተሳፋሪው ምሳውንና ውኃውን ይዞ ይገባል። ምግቡን መብላት የሚቻለው በአውቶቡሱ ውስጥ ወይም በተፈቀዱ ማረፊያዎች ሲሆን ፍርፋሪ እንኳ መሬት ላይ አይጣልም።